የፒካፕ ከፍታና የፊዚክስ ሕግጋት፦ ባሌስትራ ከመለወጡ በፊት ሊሰሉ የሚገባቸው ነገሮች

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በገርጂ፣ በመገናኛና በሲ.ኤም.ሲ. አድርጎ እስከ አያት የሚጓዝ ሰው ከፋብሪካ ከወጡበት ቁመት ከፍ እንዲሉ የተደረጉ ፒካፕ መኪናዎችን ማየቱ አይቀርም። ጎማቸው ሰፍቶና ተልቆ፣ የኋላ ባሌስትራቸው ተጨምሮበት፣ ከትንንሾቹ መኪናዎች በላይ ቁልቁል እያዩ ያልፋሉ። ባለቤቶቻቸው ለምን ከፍ እንዳስደረጓቸው ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምክንያት ይሰጣሉ፤ የክረምቱ ጎርፍ፣ ገና ያላለቀው የአዳዲስ ሠፈሮች መንገድ፣ እንዲሁም ወደ ገጠር የሚደረግ የሥራ ጉዞ። አራተኛ ምክንያት እንዳለ፣ ማለትም መኪናው እንዲያምር፣ ሁላችንም እናውቃለን። ፊዚክስ ስለ ማማር የሚለው ነገር የለውም፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ግን ብዙ የሚለው አለ።

ጉዳዩ የጋራዥ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ። በሳምንቱ መካከል አሸዋና ብረት ወደ ግንባታ ሥፍራ የሚያመላልሰው ፒካፕ፣ ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ይጓዛል። ለመጀመሪያው ሥራ የሚበጀው ለውጥ ለሁለተኛው ሥራ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አንድን ፒካፕ ከፍ ማድረግ በትክክል ምን እንደሚለውጥ፣ ምንስ እንደማይለውጥ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ ለማስላት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች የአንድ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስን ስፋትና ክብደት የሚቀራረቡ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን መኪና ቁጥር ተክቶ ስሌቱን ሊደግመው ይችላል።

ከመሬት ያለው ርቀት የሚለካው ከየት ነው?

በመጀመሪያ በስፋት የተሠራጨ አንድ የተሳሳተ ግምት እናስወግድ። የብዙዎቹ ፒካፖች የኋላ ጎማዎች የተያያዙት በአንድ ወጥ አክስል ነው። በአክስሉ መካከል ዲፈረንሻሉን የያዘው ክብ ብረት ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከመኪናው አካላት ሁሉ ለመሬት የሚቀርበውም እርሱ ነው። ባሌስትራው የሚቀመጠው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ስለሆነ፣ ባሌስትራውን ብናሳድገው ከፍ የሚለው ሻንሲውና በላዩ ያለው ሁሉ ነው። አክስሉ ግን ከጎማው ጋር የታሰረ በመሆኑ ካለበት አይነቃነቅም። መንገድ ላይ የወጣ ድንጋይ ከለውጡ በፊት ዲፈረንሻሉን ይመታው ከነበረ፣ አምስት ሳ.ሜ. ባሌስትራ ከተጨመረም በኋላ ይመታዋል።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚሰጠው የዲያሜትሩን ጭማሪ ግማሽ ብቻ ነው። በጎማ ጎን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ እንልመድ። 265/65 አር 17 ማለት ስፋቱ 265 ሚ.ሜ.፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው ደግሞ 17 ኢንች ማለት ነው። ቸርኬው 431.8 ሚ.ሜ. ነው፤ በላይና በታች ያለውን የጎማ ጎን ስንደምርበት ዲያሜትሩ 776 ሚ.ሜ. ያህል ይሆናል። በ285/70 አር 17 ብንተካው ዲያሜትሩ 831 ሚ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። ጭማሪው 55 ሚ.ሜ. ሲሆን አክስሉ ከፍ የሚለው በ27 ሚ.ሜ. ነው። ከሦስት ሳ.ሜ. ያነሰ መሆኑ ነው።

ለዚህች ሦስት ሳ.ሜ. የሚከፈለው ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይደለም። ጎማው በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት በ7 በመቶ ስለሚጨምር፣ ቀድሞ ልክ የነበረ የፍጥነት መለኪያ 100 ሲያሳይ መኪናው በ107 ይጓዛል። ሞተሩ ለአክስሉ የሚያቀርበው ጠምዛዥ ኃይል ሳይለወጥ የጎማው ራዲየስ ስለረዘመ፣ መሬቱን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ወደ 6.6 በመቶ ይቀንሳል። ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ በተመሳሳይ እርግጫ የሚገኘው የማቆሚያ ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል። ይህን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስናስበው ነገሩ ይባባሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜ. ገደማ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የቆየ ዲዝል ሞተር ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ያለውን ዳገት ሲወጣ ቀድሞም የሚያቃስተው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ መውጣት ይገደዳል።

ታዲያ ባሌስትራ ማሳደግ ጥቅም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። የፊት መከላከያው ከዳገት ወይም ከቦይ ጠርዝ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ይሰፋል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ሆድም ጉብታ ሲሻገር አይነካም። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.085 ሜ. ያለው መኪና ሆዱ ከመሬት 28 ሳ.ሜ. ቢርቅ፣ ሳይነካ የሚሻገረው ጉብታ ማዕዘኑ 20.6 ዲግሪ ያህል ነው። ሆዱ ወደ 33 ሳ.ሜ. ከፍ ሲል ማዕዘኑ 24 ዲግሪ ይሆናል። ገና አስፋልት ያልገባባቸው የሠፈር ውስጥ መንገዶች ላይ ይህ ልዩነት የሚሰማ ነው።

ስለ ጎርፍም አንድ ነገር እንበል። ጋቢናው 1.7 ሜ. በ2 ሜ. ስፋት ቢኖረውና ውኃው ከወለሉ በላይ 20 ሳ.ሜ. ቢደርስ፣ ገና ወደ ውስጥ ሳይገባ የሚገፋው ውኃ 0.68 ሜትር ኩብ ነው። በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት መኪናው 680 ኪ.ግ. ያህል ይቀለዋል፤ ይህም የሁለት ቶን መኪና ሢሶ ነው። ጎማዎቹ መሬቱን የሚይዙበት ሰበቃ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ወራጅ ውኃ ደግሞ ከጎን ይገፋል። ስምንት ሳ.ሜ. ከፍታ ይህ ሁኔታ የሚደርስበትን የውኃ ጥልቀት በስምንት ሳ.ሜ. ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የባሌስትራው ሒሳብ

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ የአንድ ሞላ መሳሳብ ወይም መጨመቅ ከሚጫነው ኃይል ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። የኃይሉና የመጨመቁ ንጽጽር የሞላው ጥንካሬ ይባላል፤ መለኪያውም ኒውተን በሜትር ነው። ባሌስትራም ቅርጹ ቢለይ በመሠረቱ ለዚሁ ሕግ ይገዛል። ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ስሌቱን ትንሽ ያዛቡታል፤ ለጊዜው እንተወዋለን።

ባዶ ሲሆን በአንዱ የኋላ ባሌስትራ ላይ 350 ኪ.ግ. የሚያርፍበት፣ ጥንካሬውም 40,000 ኒውተን በሜትር የሆነ ፒካፕ እንውሰድ። የመኪናው የተፈጥሮ ድግግሞሽ የሚገኘው ጥንካሬውን ለመጠነ ቁሱ አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ፣ ለ6.28 በማካፈል ነው። ውጤቱ 1.70 ሄርዝ ይሆናል። በእያንዳንዱ ወገን 400 ኪ.ግ. ብንጭን ባሌስትራው 9.8 ሳ.ሜ. ይወርዳል፣ ድግግሞሹም ወደ 1.16 ሄርዝ ዝቅ ይላል። የሰው አካል የሚመቸው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሄርዝ አካባቢ ያለ ንዝረት ስለሆነ፣ ፒካፕ ተጭኖ ሲሄድ ለምን ለስላሳ፣ ባዶውን ሲሄድ ደግሞ ለምን ዘላይ እንደሚሆን ከዚህ ይገለጣል።

አሁን መካኒኩ ሳንቃ ጨምሮ ጥንካሬውን ወደ 60,000 አደረሰው እንበል። ያው 800 ኪ.ግ. ሲጫን የመኪናው የኋላ ክፍል የሚወርደው 9.8 ሳይሆን 6.5 ሳ.ሜ. ነው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ባዶውን ሲሄድ ድግግሞሹ 2.08 ሄርዝ ይሆናል። ስለዚህ ጠንካራ ባሌስትራ የሚገባው ዘወትር ለሚጭን ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ለሚነዳ ሰው ጥንካሬው ሳይለወጥ ቅስቱ ብቻ የጨመረ ባሌስትራ ይሻላል፤ እርሱ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፣ ድግግሞሹን ግን አይነካም። ብዙ ገዢዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርገው ይመለከታሉ። ሻጩ "ይህ አምስት ሳንቲም ያነሳል" ሲል ወዲያውኑ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "በስንት ኪሎ ጭነት?" የሚለው ነው።

ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ማስመሪያና ክብደታቸው የታወቀ አራት ጓደኞች ብቻ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ከኋላ ጎማው መሐል እስከ ላይኛው የጭቃ መከላከያ ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካ። ከዚያ አራቱ፣ እያንዳንዳቸው 60 ኪ.ግ. ቢሆኑ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ይቀመጡና ርቀቱ እንደገና ይለካ። በየወገኑ 120 ኪ.ግ. ማለት 1,176 ኒውተን ነው፤ መኪናው በ29 ሚ.ሜ. ከወረደ ጥንካሬው ወደ 40,000 ይጠጋል። ንባቡ ሁለቴ ሦስቴ ቢደጋገም መልካም ነው፤ የሳንቃዎቹ ፍትጊያ የመጀመሪያውን ንባብ ስለሚያስት መኪናውን ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ወዝወዝ ማድረግ ይረዳል።

መረሬ አፈርና ሪዞናንስ

የምሥራቅ አዲስ አበባ መንገዶች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከቦሌ እስከ ሲ.ኤም.ሲ.ና አያት ባለው አካባቢ ብዙ ቦታ መሬቱ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አፈሩ በበቂ ጥልቀት ተቆፍሮ ካልተለወጠ በላዩ የተነጠፈው አስፋልት ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደ ሐይቅ ሞገድ ይወዛወዛል። ጉድጓድ የለውም፣ ዓይንም ብዙ አያየውም፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ይሰማዋል።

የሞገዱ ርዝመት 7 ሜ. ነው እንበል። በሰዓት 43 ኪ.ሜ. የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 11.9 ሜ. ስለሚሸፍን፣ መንገዱ በሰከንድ 1.7 ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ደግሞ ከላይ ያሰላነው የባዶ ፒካፕ ድግግሞሽ ራሱ ነው። የውጭው ግፊትና የተፈጥሮ ድግግሞሹ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ እያደገ ይሄዳል፤ ሪዞናንስ የምንለው ይህን ነው። ባሌስትራውን ወደ 60,000 ያጠነከረው ሰው ከዚህ ነገር አያመልጥም። የሪዞናንሱን ፍጥነት ከ43 ወደ 52 ኪ.ሜ. በሰዓት ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በዚያው መንገድ ላይ የትኛው ፍጥነት የበለጠ እንደሚዘወተር አንባቢው ይፍረድ።

በኮብልስቶን ላይ የሚሰማው ንዝረት ከዚህ የተለየ ነው። ድንጋዮቹ አሥር ሳ.ሜ. ያህል ስፋት ስላላቸው በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ስንጓዝ ግፊቱ ከ80 ሄርዝ ያልፋል። ይህን የሚያስታግሰው ባሌስትራው ሳይሆን በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ለኮብልስቶን ሲል ባሌስትራ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው ያውላል፤ የጎማውን አየር ግፊት አምራቹ ባዘዘው ልክ ማድረግ ይበቃዋል።

አሞርዛተሩ ለምን አብሮ ይለወጣል?

ባሌስትራ ኃይልን ያጠራቅማል፣ ይመልሳልም እንጂ አያጠፋም። ንዝረቱን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያረግበው አሞርዛተር ወይም ሾክ አብዞርበር ነው። አንድ መኪና ከጉብታ በኋላ ያለ አንዳች መወዛወዝ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያስፈልገው ማርገቢያ መጠን፣ ጥንካሬውና መጠነ ቁሱ ተባዝተው ከሚገኘው ስኩዌር ሩት ሁለት እጥፍ ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ ይህ 7,480 ኒውተን ሰከንድ በሜትር ያህል ይሆናል። መኪናዎች የሚሠሩት ከዚህ 30 በመቶ ያህሉን እንዲያገኙ ነው፤ ማለትም 2,245። ጥንካሬውን ወደ 60,000 አሳድገን ያንኑ አሞርዛተር ብንተው ንጽጽሩ ወደ 24 በመቶ፣ 800 ኪ.ግ. ሲጫን ደግሞ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። መኪናው ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥርም ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ይዋዥቃል።

በርዝመትም በኩል ችግር አለ። የፊቱ ጎማ ካለበት ወደ ታች 10 ሳ.ሜ. መውረድ የሚችል ከሆነና መኪናውን በቀለበት ብቻ 5 ሳ.ሜ. ካነሳነው፣ የሚቀረው መውረጃ 5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ከዚያ የጠለቀ ጉድጓድ ሲያጋጥም ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል። መሬት ያልነካ ጎማ አይነዳም፣ አይቆምም፣ አይታጠፍምም። ብዙ ሰው ከፍ ያለው መኪናው ከበፊቱ ይልቅ "ሲጎረብጥ" ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው።

የስበት ማዕከል

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። መኪና መታጠፊያ ላይ ሲዞር የሚገለብጠው ጠምዛዥ ኃይል ከስበት ማዕከሉ ቁመት ጋር ያድጋል፤ የሚያስቀምጠው ደግሞ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ካለው ስፋት ግማሽ ጋር። ስፋቱን ለቁመቱ ሁለት እጥፍ ብናካፍለው የምናገኘው ቁጥር፣ መኪናው ከመገልበጡ በፊት የመሬትን ስበት ስንት እጅ የሚያህል የጎን ፍጥንጥነት እንደሚችል ይነግረናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር መኪናዎችን በመገልበጥ አደጋ የሚመዝነው ከዚሁ ቁጥር ተነስቶ ነው። ለቤት መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5፣ ለፒካፖች 1.1 እና 1.2 አካባቢ ይሆናል።

የጎማ ስፋቱ 1.54 ሜ.፣ የስበት ማዕከሉ 0.70 ሜ. የሆነ ፒካፕ ቁጥሩ 1.10 ነው። ባሌስትራውን በ5 ሳ.ሜ. እናሳድገው። አክስሎቹና ጎማዎቹ ስለማይነሱ፣ ከመኪናው ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ የስበት ማዕከሉ በ4.2 ሳ.ሜ. ይነሳል። ትልቁ ጎማ ደግሞ ሁሉን በ2.7 ሳ.ሜ. ያነሳል። በድምሩ 7 ሳ.ሜ. ገደማ ማለት ነው። ቁመቱ 0.77 ሲሆን ቁጥሩ ልክ 1.00 ይሆናል። በዚህ ላይ ፖርቶ መጋላ ተገጥሞ 150 ኪ.ግ. ዕቃ ከመሬት 1.7 ሜ. ላይ ቢጫን፣ የሁለት ቶኑ መኪና የስበት ማዕከል ወደ 0.835 ሜ. ይደርሳል፣ ቁጥሩም 0.92 ይሆናል።

አንድ ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ ሊሞግተን ይችላል። የጎማና የደረቅ አስፋልት ሰበቃ ብዙውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ነው፤ ስለዚህ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፣ አይደለም? በደልዳላና ንጹሕ አስፋልት ላይ በዝግታ ለሚዞር መኪና ትክክል ነው። ነገር ግን የሚንሸራተተው ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ ድንጋይ ወይም ለስላሳ አፈር ሲያጋጥመው የጎኑ ኃይል በድንገት ከሰበቃው መጠን በላይ ይሆናል። በተጨማሪም አሽከርካሪው መሪውን ወደ ግራ ከዚያም ወዲያው ወደ ቀኝ ሲመልስ፣ ባሌስትራው ያጠራቀመው ኃይል ከሁለተኛው ዙር ጋር ተደምሮ መኪናውን ይወረውረዋል። ያረጀ አሞርዛተር ያለው መኪና በዚህ ጊዜ የሚረዳው የለም።

ይህ የመጽሐፍ ስሌት ብቻ አይደለም። ቴክኒከንስ ቨርልድ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት አሽከርካሪው ድንገት መንገድ ላይ የቆመ አጋዘንን ሸሽቶ ወደ መስመሩ የሚመለስበትን ፈተና ለረጅም ዓመታት ሲያካሂድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 አዲሱ መርሰዲስ ኤ ክላስ በዚህ ፈተና ላይ ተገልብጦ ኩባንያው ለመኪናው የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ለመግጠም ተገድዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቶዮታ ሃይሉክስ በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ገደማ በሁለት ጎማው ቆሞ ለመገልበጥ ተቃርቧል። ያ ሃይሉክስ ከፋብሪካ እንደወጣ የነበረ፣ ማንም ከፍ ያላደረገው መኪና መሆኑን ልብ ይሏል። ቶዮታ ማስተካከያ ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 መኪናው እንደገና ተፈትኖ አልፏል። በፋብሪካ ደረጃ ያሉ መሐንዲሶች በዚህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስተካክሉትን ሚዛን በአንድ ከሰዓት በኋላ በጋራዥ ስንለውጠው ምን እያደረግን እንደሆነ ቢያንስ ማወቅ ይገባናል።

ከኮፋኖው በታች የማይታየው

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ከፍታን የምናሰላው ለተሳፋሪው ብቻ ሊሆን አይገባም።

የአሽከርካሪው ዓይን ከመሬት 1.65 ሜ.፣ የኮፋኖው የፊት ጠርዝ ደግሞ ከመሬት 1.10 ሜ. ይሁን፤ በመካከላቸውም 1.9 ሜ. ይኑር። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ፣ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ሕፃን ከኮፋኖው ፊት 35 ሳ.ሜ. እስኪርቅ ድረስ ራሱም አይታይም። መኪናው በ7.7 ሳ.ሜ. ከፍ ሲል ይህ ሥውር ቦታ ወደ 61 ሳ.ሜ. ይሰፋል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የትምህርት ቤት በር ላይ ወይም ጠባብ የሠፈር መንገድ ውስጥ ቆሞ የሚነሳ መኪና ሲታሰብ፣ በእኛ አስተያየት ከመገልበጡ ስሌት ይልቅ ይህ ቁጥር ይከብዳል።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

በገበያ ያሉት አማራጮች ብዙ ቢመስሉም በጥቂት ዓይነት ይጠቃለላሉ። ከሁሉ የረከሰው ከፊት ሞላው በላይ የሚገባው የብረት ቀለበት ነው። ሞላው የሚገፋው የጎማውን ክንድ መካከል አካባቢ ስለሆነ፣ በምሳሳ ሕግ 2.5 ሳ.ሜ. ቀለበት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 5 ሳ.ሜ. ይጠጋል፤ ሻጩ ይህን እንደ ተአምር ቢያቀርበው አንደነቅ። መውረጃውን እንደሚያሳጥር ከላይ አይተናል። ከኋላ በባሌስትራና በአክስል መካከል የሚገባው ድልድል ብረት ሌላው ርካሽ መንገድ ነው። እርሱ አክስሉ በፍሬን ጊዜ ባሌስትራውን የሚጠመዝዝበትን ክንድ ያስረዝማል፤ ከበድ ያለ ጭነት ለሚጭን መኪና አንመክረውም። የባሌስትራ ማንጠልጠያውን ማስረዘምም አለ፤ ባሌስትራው የተያዘው በሁለት ጫፍ ስለሆነ አምስት ሳ.ሜ. ለማግኘት ማንጠልጠያው በአሥር ሳ.ሜ. መርዘም አለበት፣ የጎን መወላገድንም ያመጣል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ሳንቃ መጨመር ደግሞ በእኛ አገር በጣም የተለመደ ነው። ችግሩ ሳንቃው ስንት ሺህ ጊዜ እንደታጠፈ የሚናገር ምልክት በላዩ አለመኖሩ ነው፤ ብረት በድካም የሚሰነጠቀው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

የቀረው ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር ተመዛዝነው አንድ ላይ የሚሸጡበት ሙሉ ኪት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ከላይ የቆጠርናቸውን ስሌቶች አምራቹ አስቀድሞ ሠርቷቸዋል። ጥሩ አምራች ለአንድ ሞዴል መኪና እንኳ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ባሌስትራዎች ያቀርባል፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለዘወትር ጭነት። እዚህ ላይ ገዢው ራሱን ማታለል የለበትም። በዓመት ሁለቴ የሚጫን መኪና ዘወትር የሚጫን አይደለም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖርና አልፎ አልፎ ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው እኛ የምንመርጠው አራት ሳ.ሜ. ገደማ የሚያነሳ፣ ለእውነተኛው ጭነት የተመረጠ ሙሉ ኪት ነው። ጎማውም እንደነበረ ወይም አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ 265/70 አር 17፣ ቢሆን የፍጥነት መለኪያው ስሕተት ከ3.4 በመቶ አያልፍም። ከአምስት ሳ.ሜ. ማለፍ ሌላ ወጪ ይጠራል። ርዝመቱ 45 ሳ.ሜ. የሆነ የፊት ጎማ ማዞሪያ ዘንግ በ5 ሳ.ሜ. ሲያዘነብል ከ6 ዲግሪ በላይ ተጨማሪ ማዕዘን ይይዛል፤ መገጣጠሚያዎቹ ቶሎ ይበላሉ፣ የላይኛው ክንድም መለወጥ ይኖርበታል። በማንኛውም ሁኔታ ሥራው እንዳለቀ ዊል አላይመንት መደረግ አለበት። ለውጡ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነም ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ።

ከጋራዥ ከመውጣታችን በፊት የፊት መብራቱ ይታይ። ከመሬት 80 ሳ.ሜ. ላይ ያለ፣ በየሜትሩ አንድ ሳ.ሜ. እንዲወርድ የተስተካከለ መብራት መሬቱን የሚነካው 80 ሜ. ላይ ነው። የመኪናው ፊት ከኋላው በ2 ሳ.ሜ. ብልጫ ከፍ ከተደረገ፣ መውረዱ ከአንድ ሳ.ሜ. ወደ 3.5 ሚ.ሜ. ይቀንስና ብርሃኑ ከ220 ሜ. በላይ ይደርሳል፤ ማለትም ከፊት ለፊት የሚመጣው የሚኒባስ ሹፌር ዓይን ውስጥ። ኋላው በጭነት 9.8 ሳ.ሜ. ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ ጭራሽ ወደ ሰማይ ያቀናል። መፈተኛው ቀላል ነው። ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜ. አርቆ ማቆም፣ የመብራቱን መሐል ከፍታ በኖራ ግድግዳው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ በታች አሥር ሳ.ሜ. መውረዱን በማስመሪያ ማየት ነው። አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ አራቱን ጓደኞች ከኋላ አስቀምጦ ይለካ።